ዛር ያለበት ኮምፒዩተር

በሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወቱ ሰዎችን አላማም። እኔም የተዳርኩት በአንድ ዋን ማን ባንድ ነው። ባሌ ውስጥ ስንዴው ተሰብስቦ ኮምባይነሩ ከሲናናና ከአጋርፋ ማሳ ሲወጣ ኪስ ሞቅ ይላል፤ ኪስ ሲሞቅ ሠርግ ይበዛል፤ ሠርግ ሲበዛ ሮቤ ውስጥ ኪቦርድ ያለው ሰው እንቅልፍ ያጣል። አንድ ሰው በግራ እጁ ከበሮውን፣ በቀኝ እጁ ሳክስፎኑን፣ በአፉ ዘፈኑን ይዞ የአምስት ሰው ሥራ ይሠራል፤ የአምስት ሰው እራትም ይበላል። ይገባዋል።

እኔን የሚከነክነኝ የአንቺሆዬ ቅኝት ነው። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም በኪቦርዱ ነጭና ጥቁር ላይ እንደምንም ይገኛሉ። አንቺሆዬ ግን በኪቦርድ ሲመታ ልኩ ያልሆነ ጫማ ያደረገ ሙሽራ ይመስለኛል፤ ይራመዳል፣ ፈገግም ይላል፣ ግን ያመዋል። ማሲንቆ መቺ ጣቱን ለአመል ያህል ገፋ አድርጎ የሚያገኛት ድምፅ አለች። የኪቦርዱ ቁልፎች በአንድ ኦክታቭ ውስጥ 12 ሆነው እኩል ተከፋፍለው ተቀምጠዋልና ያቺ ድምፅ መሐላቸው መግቢያ የላትም። ይህን ቅሬታ ሳሰማ የኖርኩት ለእህቴ ልጅ ነው። መፍትሔው የተገኘው ግን እናቴ ቡፌ ላይ ነው።

ቡፌው ጎባ ነው ያለው። ታላቅ ወንድሜ ከጀርመን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ጃኬቱን፣ ጫማውንና ቸኮላቱን አከፋፍሎ ከጨረሰ በኋላ፣ ከሻንጣው ሥር ቁልፎች የተደረደሩበት ወፍራም ቡናማ ዕቃ አወጣ። ‹‹ኮምፒዩተር ነው›› አለ። ኮሞዶር 64 ይባላል። ጎረቤቱ ሁሉ እየዞረ አየውና ‹‹ስክሪኑስ?›› አለ። ቴሌቪዥን ላይ ነው የሚሰካው ቢባል ማን ይመን! ሠፈሩ በአንድ ድምፅ ግማሹ መንገድ ላይ እንደቀረ፣ ወንድሜም አፍሮ እንዳልተናገረ ወሰነ።

ሲሰካ ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ይሆንና ዝግጁ መሆኑን በእንግሊዝኛ ይጽፋል።

‹‹ምን አለ?›› አለች እናቴ።

‹‹ዝግጁ ነኝ ነው የሚለው፣ እማዬ።››

‹‹ለምኑ?››

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የመለሰላት የለም። የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ፕሮግራሙን የሚጭነው እኛ ዘፈን ከምንሰማበት ከተራ ካሴት ነበር፤ ወንድሜ ይዞ የመጣውም አንዲት ጌም ያለባት ካሴት ብቻ ነበረች። እሱ ተመልሶ ሲሄድ ከቤቱ ልጆች አንዱ ካሴቷን ጂፓሱ ውስጥ ከተታት። ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ወጣ። ተበላሽታለች ብሎ ጥላሁን ገሠሠን ቀዳባት። ከዚያ ወዲያ ኮምፒዩተሩ በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቀው አንድም ነገር አልነበረም። ዳንቴል ለብሶ ከፕላስቲክ አበባው ጎን ተቀመጠ፤ ሥራውም እንግዳ ሲመጣ መታየት ሆነ።

የዕቃውን ታሪክ የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ሰምቼም ከሮቤ ጠጋኞች ጋር አዛመድኩት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ኮሞዶርን የመሠረተው ጃክ ትራሚየል ፖላንድ ተወልዶ ከናዚ ማጎሪያ የተረፈ፣ አሜሪካ ገብቶም በ1950ዎቹ የጽሕፈት መኪና በመጠገን እንጀራውን የጀመረ ሰው ነው። ድርጅቱ ከጽሕፈት መኪና ወደ ካልኩሌተር፣ ከካልኩሌተር ወደ ኮምፒዩተር ተሻገረ፤ በ1976 ሞስ ቴክኖሎጂ የሚባለውን የቺፕ ፋብሪካ ጠቀለለ። እዚያ ውስጥ ቦብ ያነስ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር። ደመወዙን የሚያገኘው ከቺፕ፣ ልቡ ያለው ሲንተሳይዘር ላይ። በጊዜው የነበሩትን የኮምፒዩተር ድምፅ ቺፖች የሠሩት ሰዎች ሙዚቃ የሚባል ነገር አያውቁም ብሎ ያምን ነበር። በ1981 ዕድሉ ሲደርሰው በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ጌም ያጅብ ተብሎ የታዘዘውን ቺፕ እውነተኛ ሲንተሳይዘር አድርጎ አወጣው። ሲድ ይሉታል፤ ቁጥሩ 6581።

ያነስ ብዙ ድምፅ ሊሰጠው አስቦ ነበር፤ ጊዜ አጠረውና በሦስት ቀረ። በሦስቱ ውስጥ ግን ያልከተተው የለም። እያንዳንዱ ድምፅ ከአራት ዓይነት ጠባይ አንዱን ይይዛል፤ ለስለስ ያለ፣ የሚሞርድ፣ ባዶ ቧንቧ ውስጥ ያለ የሚመስል፣ ወይም ዝም ብሎ ሽሽ የሚል። በምን ፍጥነት እንደሚነሳ፣ የት ላይ ረግቶ እንደሚቆይ፣ እንዴት እንደሚጠፋ ለየብቻው ይታዘዛል። በመጨረሻም ሦስቱ ድምፆች በአንድ ማጣሪያ ውስጥ ማለፍ ይችላሉ፤ ይህ ማጣሪያ ደግሞ ከቺፕ ቺፕ ይለያያል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት 6581ዎች አንድ ዓይነት አይዘፍኑም። መሐንዲስ ይህን ጉድለት ይለዋል፤ እኛ ድምፃዊ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሌላም ጉድለት ነበረበት። የድምፁ መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ቀጭ ይላል። ጌም የሚጽፉ ወጣቶች ይህን ቀጭታ በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እያስደጋገሙ ቺፑ የተቀዳ ከበሮና የሰው ንግግር እንዲያወጣ አደረጉት። ኩባንያው በኋላ 8580 በተባለው ቺፕ ጉድለቱን ሲያርም ከበሮው እምብዛም የማይሰማ ሆነ፤ ሰዉም ተቆጣ። በመጠገኑ የተረገመ ዕቃ እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

የእናቴን ኮምፒዩተር የገደለው የገዛ ትራንስፎርመሩ ነው። ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ ውስጡ ሙጫ ስለተሞላ አይከፈትም። ሲያረጅ 5 ቮልት መስጠት ይሰለቸውና ከዚያ በላይ ይለቃል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቃጠለው ሜሞሪው ነው። የእህቴ ልጅ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ከክፍል የተረፈው ጊዜው የሚያልቀው ካውያ ይዞ ነው። ለዕረፍት ጎባ መጥቶ ዳንቴሉን ገለጠና ሰካው። ሰማያዊው አልመጣም።

‹‹ገደልከው›› አለችው አያቱ።

እሱ አልሰማትም። ክዳኑን ፈትቶ ባለ 28 እግሩን ቺፕ እያየ ነበር። ‹‹ጋሼ፣ የሄደው ሜሞሪው ነው፤ ሲዱ ሳይተርፍ አይቀርም›› አለኝ፣ ከአደጋ ስለወጣ ዘመድ በሚነገርበት አነጋገር። ቺፑን ነቅሎ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቀለለው። ባዶው ቀፎ ተመልሶ ቡፌው ላይ ወጣ፤ አሁንም እዚያው ነው፤ ውስጡ እንደጎደለ ለእንግዳ አንናገርም።

ከጎባ ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ነው። ቺፑን የሙዚቃ መሣሪያ እንዲያደርግልን የወሰድንለት ጠጋኝ ሱቅ ስፋቱ ከአንድ አልጋ አይበልጥም፤ በዚያ ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ቴፖች፣ የዲሽ ሪሲቨሮችና ጀርባቸውን የሰጡ ፍላት ቴሌቪዥኖች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ሰውየው ከኋላቸው በድምፅ ብቻ ይታወቃል። ቺፑን ገልጦ ሳያይ መጀመሪያ የተናገረው ‹‹አቦ፣ ሹራብህን አውልቅ!›› የሚል ነው። ሱፍ ሹራብ ሰውነት ላይ የኤሌክትሪክ ሙል ያከማቻል፤ ሲድ ደግሞ በዚያች ብልጭታ የሚሞት ቺፕ ነው። ትክክል ነው፤ ግን ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጊዜውም ከማለዳው አንድ ሰዓት ተኩል። የእህቴ ልጅ ለሳይንስ ብሎ በካናቴራ ተንቀጠቀጠ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀድሞ ኮምፒዩተሩ ያዝዘው የነበረውን ቺፕ አሁን አርዱይኖ የሚባል ትንሽ ቦርድ ያዝዘዋል። ቺፑ ውስጥ ቁጥር የሚጻፍባቸውና የሚነበብባቸው 29 ቦታዎች አሉ። ቦርዱ በአምስት ሽቦ የትኛው ቦታ እንደሆነ፣ በስምንት ሽቦ የትኛው ቁጥር እንደሚጻፍ ይነግረዋል፤ በሌላ አንድ ሽቦ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ምት ይመታለታል። ዋናው ይኸው ነው። ድምፁ የሚወጣው ካሴቷን በበላው በዚያው ጂፓስ ስፒከር ነው፤ ዕዳውን ይክፈል ብለን።

ችግር የሆነው መብራት ነው። 5 ቮልቱ ከስልክ ቻርጀር ይገኛል፤ 6581 ግን በተጨማሪ 12 ቮልት ይፈልጋል። የመልካ ዋከና ግድብ ከእኛ ብዙ ሳይርቅ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ይሁንና የእናቴ ቤት አምፖል የዚህ ግድብ ጎረቤት መሆኑን የሚያስታውሰው ሲፈልግ ነው። ጠጋኙ ከቴሌቪዥኖቹ ኋላ ሆኖ ‹‹ባጃጅ ባትሪው ስንት ነው?›› አለ። 12 ነው! ሞልቶ ያደረ ባትሪ ግን 12.7 ይደርሳል፤ የቺፑ ትዕግሥት ደግሞ 12.6 ላይ ያልቃል። ጠጋኙ መሐል ላይ አንድ ዳዮድ በየደና 0.7ቱን አስዋጣት። ይህን ሲያደርግ ቀና እንኳ አላለም፤ በሌላ እጁ የሌላ ሰው ሪሲቨር ይዞ ነበር።

ባትሪውን ያዋሰን ባጃጅ ነጂ ሙዚቃ ወዳጅ ነው። ለማበረታታት የኃይሉ መርጊያን ነገር አነሳሁለት። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሙግና ከያማሃ ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘሮች ጋር አጋብቶ አንድ ካሴት ሠራ። ኋላም በዳለስ አየር ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ሲኖር ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዳል። ያቺ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ እጅ ገብታ በ2013 እንደገና ስትታተም ሰውየው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ባጃጅ ነጂው በጽሞና ሰምቶ ‹‹እንግዲህ ታክሲውን እኔ አሟልቻለሁ፤ የቀረኝ ኪቦርዱ ነው›› አለ።

መጀመሪያ ድምፅ የሰጠው ሌሊት ነው፣ ጎባ፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ። ቁልፎቹ ገና አልተገጠሙም፤ አንድ ድምፅ ተነስቶ ሳይቆም ግድግዳውን እያንቀጠቀጠ ይወጣል፣ ይወርዳል። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ወጣች። ብዙ አልተናገረችም። ‹‹ይሄ ነገር ዛር አለበት›› ብላ ተመልሳ ተኛች።

እሷ አታውቀውም እንጂ የተናገረችው የታሪክ ድጋፍ አለው። ሐሊም ኤል ዳብህ የሚባል ግብፃዊ በ1944 ካይሮ ውስጥ ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ ተውሶ የዛር ሥርዓት ቀዳ። የቀዳውን መልሶ በማሚቶ ክፍል እያሳለፈ፣ ዋናውን ድምፅ እየቀነሰ ጥላው ብቻ እንዲቀር አድርጎ አዲስ ሙዚቃ ሠራበት። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በተቀዳ ድምፅ ስሙን ያስጠራው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። እናም ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በኩሮች አንዱ የተሠራው ከዛር ነው። ይበልጥ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ይኸው ሰው በኒው ዮርክ የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠራ በኋላ በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በዓመቱም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን በአንድ መድረክ አስቀመጠ። የኤሌክትሪክ ሙዚቃ ፈር ቀዳጅ እኛ ዘንድ ሲመጣ የወደደው አንድም ሶኬት የማይፈልገውን ነው።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ብተርክላት ‹‹ታዲያ የተማረው ሰውዬ ዛር ነው ካለ አንተ ምን ያከራክርሃል?›› አለችኝ።

ቅኝቱ ላይ ስንደርስ ጎባ ውስጥ ክራር የሚመቱ አንድ አዛውንት ለመንን። የእህቴ ልጅ መሣሪያውን የሠራው በአምስት ቁልፍ ነው፤ ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ ናቸውና ስድስተኛው ምን ይሠራል ብሎ። ከጎኑ ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ ማዞሪያ አለ፤ ሲዞር ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ይሄዳል። የቺፑ ብልሃት የሚታየው እዚህ ነው። ድምፅን የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ ከ0 እስከ 65,535። በእኛ አገጣጠም 7,382 ቢጻፍለት 440 ሄርትዝ ይሰጣል፤ ባንዶች የሚቃኙበት ላ ማለት ነው። ኪቦርድ ላይ ቀጣዩ ቁልፍ 466 ነው። በሁለቱ መካከል ለኪቦርዱ ገደል ነው፤ ለቺፑ ግን ከ430 በላይ ማረፊያ አለው።

አዛውንቱ አንቺሆዬን በክራራቸው አንድ ጊዜ ገረፍ አደረጉና ጆሯቸውን ለስፒከሩ ሰጡ።

‹‹ይቺ ትውረድ።››

‹‹ስንት ሄርትዝ፣ አባባ?››

‹‹እኔ ምን አውቄ፤ ትውረድ።››

ወረደች። ‹‹አለፍካት፤ ተመለስ። እህ። እዚያው! አትነካካት።›› የእህቴ ልጅ ቁጥሯን በደብተር ጻፈ። አምስቱም በዚህ ዓይነት ተጻፉ። በማግሥቱ ለምስክርነት ስንመለስ አዛውንቱ አንቺሆዬውን ሰምተው ሁለተኛዋን ድምፅ ከፍ አስደረጓት። የእህቴ ልጅ ደብተሩን አወጣ። ‹‹ትናንት እኮ እዚህ ነች ብለውኝ ነበር።›› ሰውየው ደብተሩን እንኳ አላዩትም። ‹‹ትናንትና ትናንት ነበራ!›› አሉ። ስለዚህ ማዞሪያችን አምስት ማረፊያ አለው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እና የትናንቱ አንቺሆዬ።

ስለ ንዝረቱ ያሉትም ደስ አሰኝቶኛል። ሠፈሩ ‹‹ድምፁ ይሞርዳል›› ሲል እሳቸው ‹‹እንዝራ አስገብታችሁበታል?›› ብለው ጠየቁ። በገና ላይ በጅማቱና በብርኩማው መካከል የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ እንዝራ ትባላለች፤ ያ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ንዝረት የሚመጣው ከእሷ ነው። ድምፅ ነዘረ ብሎ ጠጋኝ መጥራት የሬዲዮ ልማድ ነው፤ በገና የደረደረ ሰው ያልነዘረውን ነው የሚጠራጠረው።

ፍርዴን ልስጥ። የሲዱ አንቺሆዬ ከኪቦርዱ ይሻላል። ከክራሩ አይደርስም። ውድ ኪቦርዶች ላይ እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው ከፍና ዝቅ ማድረጊያ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለዓረብ ሙዚቃ ታስቦ የገባ ነው። ነገር ግን ሙሽራዋ በር ላይ ቆማ ሜኑ የሚከፍት ተጫዋች እስካሁን አላየሁም። በነገራችን ላይ ከሲድ ሲንተሳይዘር የሠራን እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም፤ ስዊድን ውስጥ በተማሪዎች የተጀመረው ኤሌክትሮን በ1999 ሲድስቴሽን የሚባለውን ለገበያ አቅርቧል፤ ጀርመን ውስጥም ቶርስተን ክሎዘ በቤት የሚገጣጠም ንድፍ ለዓለም አካፍሏል። የጎባው ልዩነቱ ማዞሪያው ላይ አንቺሆዬ ሁለት ጊዜ መጻፉ ነው።

በሠርግ ላይ የተፈተነው ደሎ መና ነው። በቅጥቅጥ አይሱዙ ከጎባ ወደ ሳነቴ ወጣን። 4,377 ሜትር ከፍታ ካለው ከቱሉ ዲምቱ ጎን ስንደርስ የእህቴ ልጅ ‹‹ማጣሪያው በብርድ ይለወጥ እንደሆነ ልስማው›› ብሎ ባትሪውን ሊያያይዝ ተነሳ። ሾፌሩ በመስታወት አይቶት ‹‹ቀይ ቀበሮውን ልታስበረግግ ነው? ቁጭ በል!›› አለው። ትክክለኛ ሰው። በዓለም ላይ ከቀሩት ወደ 500 የሚጠጉ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በእነዚህ ተራሮች ነው። የቀሩት 6581ዎች ከቀበሮዎቹ እጅግ ይበዛሉ፤ ግን ቀበሮ ይወልዳል፣ ቺፕ አይወልድም።

ሠርጉ ላይ የጄኔሬተሩ ቤንዚን ሲያልቅ ኪቦርዱ ዝም አለ፤ ያኔ ባለ ባጃጅ ባትሪው ተጠራ። ሦስት ድምፅና አንድ ከበሮ ሆኖ፣ ቤንዚን ፍለጋ የሄደው ልጅ እስኪመለስ ሕዝቡን ሳያስቀምጥ አቆየው። አንዲት እናት ክራር መቺውን ፈልገው ከድንኳኑ ኋላ ዞረው አዩ። ቤንዚኑ ሲመጣ ግን ሕዝቡ ያለ አንዳች ሐዘኔታ ወደ ኪቦርዱ ተመለሰ። ሳክስፎን የለንማ።

አሁን የሚያሳስበን መለዋወጫ ነው። ኮሞዶር በ1994 ከስሯል፤ ቺፑን የሚያመርት የለም፤ በኢንተርኔት ከሚሸጡትም ውስጥ ሌላ ቺፕ ላይ 6581 ብለው ያተሙበት ሐሰተኛ ሞልቷል። ስለዚህ ፍራንክፈርትም ሆነ ስቶክሆልም ያላችሁ ወገኖች፣ ምድር ቤታችሁ ውስጥ አሮጌ ኮሞዶር 64 ካለ ከመጣላችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱልን። 6581 ካገኛችሁ በብርማ ወረቀት ጠቅልላችሁ ላኩ። 8580 ከሆነም ላኩ፤ ብቻ ላዩ ላይ በትልቁ ጻፉበት፤ እሱ የሚፈልገው 9 ቮልት ነው፣ የባጃጁ ባትሪ ያቃጥለዋል።